በእግር የሚቈጠር ልክ

እስከ ስድስት መቍጠር የሚሳነው የለም፤ እየቈጠሩ ችክችካ መምታት ግን ሌላ ጣጣ ነው። አማን ከተማ ላይ ኖታ ሊያስተምሩኝ የፈቀዱት መምህር በአምስቱ መስመሮች ላይ የተሰቀሉትን ጥቋቍር ነጠብጣቦች በእርሳስ ጫፍ እየነኩ «ቍጠር» ሲሉኝ፥ ምላሴ አምስትንና ስድስትን ብሎ ሳይጨርስ እግሬ ወደሚቀጥለው አንድ ተሻግሮ ይገኝ ነበር፤ ችክችካ ስድስቱን ምት ለሁለትም ለሦስትም እንዲከፍሉለት ባንድ ጊዜ ስለሚሻ፥ ቀኝና ግራ እጄ ይካሰሱ ጀመር። ከአጥሩ ማዶ ግን ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ጀንፈል ይወቅጡ ነበር፤ አንዲቱ ዘነዘናዋን ስታነሣ ሁለተኛዋ ታሳርፋለች፥ ወሬያቸውም አይቋረጥም፥ የሚቈጥርም የለም።

ይህን የኖታ የቍጥር ሥርዓት በቤተ መንግሥት ያደላደሉት፥ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም አግኝተው ያስመጧቸው፥ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነፋስ መሣሪያ ይነፉ የነበሩት አርባ የአርመን ልጆች ናቸው። የዜማ ጽሕፈት ግን ለእኛ እንግዳ አልነበረም፤ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሠሩት ምልክት ከድጓው ቃል በላይ በደቂቅ ጽሕፈት ተደርድሮ፥ ድፋቱ፥ ሒደቱ፥ ርክርኩ ድምፅ የት እንዲወርድ፥ የት እንዲፈጥን፥ የት እንዲንቀጠቀጥ ይነግራል። ስንት ምት እንደሚቈይ ግን አይነግርም፤ ያንን ደቀ መዝሙር የሚማረው ከመሪጌታው ትከሻ ነው። በዝማሜ መቋሚያው ወዲህና ወዲያ ሲወዛወዝ፥ በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ሲገቡ፥ በጽፋት ጭብጨባው ሲፋጠን፥ ልኩ በጕልበትና በክንድ ያድራል። ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ የተመረኰዙበት ጦር እግሩን ወግቶት ሁለቱም ሳይሰማቸው ቀሩ ይባላል፤ ሊቃውንቱ ከጦር ይልቅ መቋሚያ መያዛቸው፥ በእኔ ግምት፥ ከብዙ ቍስል አድኗቸዋል።

አንድ ቀን ያንኑ የኖታ ወረቀቴን ለአንድ መሪጌታ ባሳየኋቸው ጊዜ፥ ስለ ነጠብጣቦቹ የነገርኋቸውን በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ በመስመሩ ላይ የተጠማዘዘችውን የዕረፍት ምልክት በጣታቸው ይዘው ምን እንደምትል ጠየቁኝ። አንድ ምት ያህል ዝም በል ትላለች አልኋቸው።

«ዝም ማለትንም ይጽፉታል?» አሉና ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፤ «እንግዲያውስ ሌላው ይቅርና ይህችን ለደብራችን ልጆች አስተምርልኝ።»