ከሐረና ደን እስከ ለንደን፦ የቡናው እረኛ ማን ነበር?

ከጎባ ተነስቶ ወደ ደሎ መና የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን ሁለት አገር ያያል። መኪናው መጀመሪያ የሳነቴን አምባ ይወጣል። ጅብራ እንጂ ዛፍ የማይታይበት፣ ብርዱ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ሜዳ ነው፤ እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4377 ሜትር ይደርሳል። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሐረና ደን ይገባል። አስታው ለረጃጅም ዛፎች ቦታ ይለቃል፤ ከቅርንጫፎቹ ላይ ቀፎዎች ተሰቅለው ይታያሉ። ወደ ደሎ መና ሲቃረቡም በዛፎቹ ጥላ ሥር ማንም ያልተከለው ቡና በቅሎ ይገኛል። ሐረና የጫካ ቡና በተፈጥሮው ከሚበቅልባቸው ጥቂት የዓለም ደኖች አንዱ ነው።

ውድ አንባብያን! ይህን ደን ያነሳነው ውበቱን ለማድነቅ ብቻ አይደለም። የጥንት ሙስሊም ሊቃውንት ለሳይንስ ያበረከቱትን የሚያሳይ «1001 የፈጠራ ሥራዎች» የተሰኘ ዐውደ ርእይ እ.ኤ.አ. በ2006 በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ተከፈተ፤ በ2010 ደግሞ በለንደን፣ በኢስታንቡልና በኒውዮርክ ታየ። ከዐውደ ርእዩ ጋር የታተመው መጽሐፍ ስለ ቡና ሲናገር፣ ከ1200 ዓመት በፊት ኻሊድ የተባለ ዐረብ እረኛ በኢትዮጵያ ተራሮች ፍየሎቹ ፍሬ በልተው ሲፈነጩ አይቶ ቡናን አገኘ ይላል።

ታሪኩ ለጆሮ ይጥማል። ሰነዱ ግን የታል? ማን ከማን ሰማው? የሐዲስ ተማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህን ነው። የእረኛው ታሪክ በጽሑፍ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ውስጥ ናይሮን የተባለ ማሮናዊ ክርስቲያን ባሳተመው መጽሐፍ ነው። እርሱም ታሪኩን በየመን ያደርገዋል እንጂ በኢትዮጵያ አያደርገውም፤ ለእረኛውም ስም አልሰጠውም።

የተሻለ ሰነድ ያለው ዘገባ ሌላ ነው። ዐብዱልቃዲር አል-ጀዚሪ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ቡና በጻፉት ኪታብ የዐደኑን ሙፍቲ የጀማሉዲን አዝ-ዘብሓኒን ነገር ያስተላልፋሉ። ሙፍቲው ከባሕር ማዶ ወደ አፍሪካ ምድር ተሻግረው ሰዎች ቡና ሲጠቀሙ አገኙ። ወደ ዐደን ተመልሰው በታመሙ ጊዜ ትዝ ብሏቸው ጠጡት፤ ጠቀማቸውም። የየመን ሱፊዮችም ለሌሊት ዚክር መንቂያ አደረጉት።

ልዩነቱን እናስተውል። በዚህ ዘገባ ታላቁ ዓሊም ተማሪ ናቸው፤ አስተማሪው የዚያ ምድር ሕዝብ ነው። ባሌ በስም ባይጠራም፣ ቡናን በቅቤ አብስሎ «ቡና ቀላ» ብሎ የሚያቀርበው ኦሮሞ የቡና ዕውቀቱን ከዐረብ እረኛ አልተቀበለም። ሙስሊሙን ዓለም ለማክበር ተብሎ የሌላውን ድርሻ መውሰድ አማና አይደለም።

ሌላም ጉዳት አለ። በኻሊድ ታሪክ ሲኮራ ያደገ ወጣት፣ ነገ ታሪኩ ተረት መሆኑን የክፍል ጓደኛው ቢያሳየው እውነተኛውንም መጠራጠር ይጀምራል። እውነተኛው ደግሞ ሞልቷል። ኢብኑ አን-ነፊስ ደም ከልብ ወደ ሳንባ ሄዶ እንደሚመለስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ965 በበስራ የተወለዱት ኢብኑል ሀይሠምም «የካሜራ አባት» ከሚለው ቅጽል ይልቅ ሥራቸው ይበልጣል። ከአንዲት ቀዳዳ ፊት ለፊት መብራቶችን በተለያየ ቦታ አኖሩ፤ ብርሃናቸው ከቀዳዳው ወዲያ ባለው ጨለማ ስፍራ የየራሱ ነጥብ ሆኖ ወደቀ። አንዱን መብራት ሲሸፍኑ የእርሱ ነጥብ ብቻ ጠፋ። ብርሃን በቀጥታ እንደሚጓዝና በቀዳዳው ሲተላለፍ እንደማይደባለቅ በዚህ አሳዩ።

ይህን ለማየት ለንደን መሄድ አያስፈልግም። ወላጆች ሆይ! በደሎ መናም ሆነ በሮቤ ሦስት ሻማ፣ አንድ የተበሳ ካርቶንና ጨለማ ክፍል ይበቃል። ልጆቻችን የሊቃውንቱን ስም ከመቁጠር አልፈው ሥራቸውን በእጃቸው ይሞክሩት። አላህ ጠቃሚ ዒልም ይወፍቀን!