በደብዳቤ ውስጥ ስለሚጓዝ ተክል

በምኖርባት በሎንዶን ከተማ፣ ቀኑ እጅግ አጥሮ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል መብራት በሚበራበት በታኅሣሥ ወር፣ በቤቴ በር ላይ ባለችው የደብዳቤ ማስገቢያ አንዲት ቀጭን ፖስታ ትወድቃለች። በውስጧ ያለው ጽሕፈት ከሁለት መስመር አይበልጥም፤ ነገር ግን ከጽሕፈቱ ጋራ በእርጥብ ወረቀት የተጠቀለለ፣ በትንሽ የላስቲክ ከረጢት የታሸገ ነገር አለ። ወረቀቱን በጥንቃቄ ብዘረጋው ከጤፍ ቅንጣት ጥቂት ከፍ የሚሉ፣ ጠፍጠፍ ያሉና አረንጓዴ የሆኑ ሃያ ወይም ሠላሳ ፍሬ መሳዮች ይታያሉ። ባለቤቴ ፖስታዋን ባየች ቍጥር «ጤፍህ መጣልህ» እያለች ትሥቃለች። እኔም እሥቃለሁ፤ ነገር ግን ስለ እነዚህ ቅንጣቶች ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁበት ነገር አለና እርሱን ለአንባቢ ልናገር አስቤአለሁ።

አስቀድሞ ተክሉ ምን እንደ ሆነ መናገር ይገባል። ድሮሴራ ይባላል፤ ስሙም ጠል ያዘለ ከሚል ከግሪክ ቃል የወጣ ነው። እንግሊዞች ሰንዲው፣ ማለት የፀሐይ ጠል ይሉታል፤ በቅጠሎቹ ላይ ባሉት ቀያይ ጠጕሮች ጫፍ ያለችው ጠብታ ሙጫ ፀሐይ ሲመታት እንደ ጧት ጠል ስለምታበራ ነው። ትንኝ ጠል መስሏት ብታርፍባት ተጣብቃ ትቀራለች፤ ጠጕሮቹም ቀስ በቀስ ወደ እርስዋ ይጎነበሳሉ፤ ቅጠሉም ሥጋዋን አቅልጦ ይመገበዋል። ይህን ማድረጉ ስለ ድኽነቱ ነው። የሚበቅልበት አሸዋና ረግረግ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የጐደለው መሬት ስለ ሆነ፣ ከሥሩ ያጣውን በቅጠሉ ይፈልጋል። የእንግሊዙ ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን በ1860 ዓ.ም (ይህም ሆነ ከዚህ በኋላ የምጽፈው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በደቡብ እንግሊዝ ረግረግ ላይ ይህን ተክል አይቶ በነገሩ ስለ ተደነቀ፣ ለብዙ ጊዜ ሲመረምረው ኖሮ በ1875 ዓ.ም ስለ ነፍሳት በል ተክሎች አንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ።

እኔ የማሳድገው ግን ዳርዊን በእንግሊዝ አገር ያገኘውን ሳይሆን ድንክ የሚባለውን ወገን ነው። ከዚህ ወገን 50 ያህል ዓይነት የሚታወቅ ሲሆን፣ ከጥቂቶቹ በቀር አገራቸው የአውስትራልያ ደቡብ ምዕራብ ነው። ብዙዎቹ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አይሰፉም። በዚያ አገር ዝናቡ በብርድ ወራት ይዘንብና በጋው ደረቅና ጽኑ ይሆናል፤ ስለዚህ ተክሉ በበጋ መሀል እምብርቱን በነጫጭ ቅርፊት ሸፍኖ ዝናብን ይጠብቃል። ሥሩ ከመጠኑ ጋራ ሲነጻጸር እጅግ ረዥምና ቀጭን ነው፤ አንድ ጊዜ ከቆመበት ሊነቅሉት ቢሞክሩ ብዙ ጊዜ ይሞታል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ተክል ሰው ለወዳጁ እንዴት አድርጎ ይሰጠዋል? መላው ከራሱ ከተክሉ የመጣ ነው። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲገባ በእምብርቱ ላይ በተለመዱት ቅጠሎች ፈንታ ጌማ የሚባሉትን እነዚያን ቅንጣቶች ያወጣል። ጌማ በላቲን ቋንቋ እንቡጥ ማለት ነው፤ ዕንቁ ማለትም ነው። ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተጨናንቀው እንደ ተወጠረ ደጋን ይቈያሉ፤ የዝናብ ጠብታ ሲመታቸውም ተስፈንጥረው አንድ ክንድ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ አልፈው ይወድቃሉ። በወደቁበት እርጥብ አሸዋ ላይ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሥር ይሰዳሉ፤ እንደ እናታቸውም ጠል ያወጣሉ።

እንደ እናታቸው ማለቴ ግን ነገሩን አያሟላም። ጌማ ከአበባ ስላልተገኘች ዘር አይደለችም፤ መልኳን የሚለውጥ አባት የላትም። ቅጠል ናት፤ ስለዚህም የተክሉ ልጅ ሳትሆን ራሱ ተክሉ ናት። ዛሬ በእኔ መስኮት ላይ ያለችው ድንክ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰው ከአሸዋ ላይ ያነሣት ያችው ተክል ናት፤ በፖስታ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ሰዎቹ ያረጃሉ እንጂ እርስዋ አታረጅም።

አላላኳም ቀላል ነው። እርጥብ ስቴኪኒ ወደ እምብርቷ ሲያስጠጉ ጌማዎቹ ይጣበቁበታል፤ አንዳንዷ ግን ዘልላ በቅንድቤ ላይ ዐርፋ ታውቃለች። ከዚያ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልሎ መላክ ነው። የተቀበለው ሰው በማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት ሳምንት ሊያቈያቸው ይችላል፤ ይሁን እንጂ ፈጥኖ ፒት በሚባለው የረግረግ አፈርና በአሸዋ ቅልቅል ላይ ቢበትናቸው ይሻላል። አፈር አይለብሱም፤ ሥራቸው በውኃ ላይ ይቀመጣል። ውኃውም የዝናብ ካልሆነ አይጠቅምም። የሎንዶን የቧንቧ ውኃ ኖራ የበዛበት ስለ ሆነ የመጀመሪያ ዓመት ቡቃያዎቼን በሙሉ ገድሎብኛል።

እነዚያን የመጀመሪያዎቹን የላኩልኝ በሰሜን እንግሊዝ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ነበሩ። ፊታቸውን አይቼ አላውቅም። ሥጋ በል ተክሎችን የሚወዱ ሰዎች ከ1972 ዓ.ም ጀምሮ የሚታተም የራሳቸው መጽሔት አላቸው፤ በየአገሩም ማኅበር አላቸው፤ በእንዲህ ያለ መንገድ ስማቸውን አግኝቼ ጻፍሁላቸው። በዚህ ልውውጥ መካከል ገንዘብ እምብዛም የለበትም። የሚሸጡም አሉ፤ አልነቅፋቸውም፤ ነገር ግን አሮጌው ልማድ የቴምብሩን ዋጋ ብቻ መመለስ፣ ወይም በተራው ያለውን መላክ ነው። ቡቃያዎቹ እንደ ሞቱ በኀፍረት ብጽፍላቸው በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ላኩልኝ፤ የወቀሳም ቃል አልጨመሩም፤ «የዝናብ ውኃ» ከሚለው ቃል ሥር ብቻ ሁለት ጊዜ አስምረውበት ነበር።

ከላኩልኝ ውስጥ ድሮሴራ ፑልኬላ የምትባለው ሐምራዊ አበባ ያላት ከሁሉ ይልቅ በእርሳቸው ዘንድ የተወደደች ነበረች። መምህሩ የእያንዳንዱን ተክል ታሪክ የሚጽፉበት መዝገብ ነበራቸው። ከማን ተቀበሉ፣ ያ ሰው ከማን ተቀበለ፣ የመጀመሪያዋስ በአውስትራልያ ከየትኛው ሥፍራ ተገኘች፤ ይህ ሁሉ ተጽፎ በአጭሩ በምልክቷ ላይ ይገለበጣል። በዚህ ነገር ለማያውቅ ሰው የሥፍራ ስም ከንቱ መስሎ ይታየዋል። ነገር ግን አንዷ ፑልኬላ ከሌላዪቱ በአበባዋ ቀለም ትለያለች፤ አንዳንድ የተገኙባቸውም ሥፍራዎች ዛሬ ቤት ተሠርቶባቸዋል ወይም ታርሰዋል። ስሟን ያጣች ተክል ጌጥ ብቻ ሆና ትቀራለች።

በ2019 ዓ.ም ሐምሌ በእንግሊዝ አገር ብርቱ ሙቀት ሆነ፤ በካምብሪጅ ከተማ 38.7 ዲግሪ ተለካ። መምህሩ በዚያ ሳምንት ከቤታቸው ርቀው ሳለ የመስታወት ቤታቸው መስኮት ሳይከፈት ቀረና ድንኮቹ ሁሉ ተቃጠሉ። «ያቺ ፑልኬላዬ በአንተ ዘንድ አለችን?» ብለው ጻፉልኝ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ስቀበል የተሰማኝ ደስታ ንጹሕ ደስታ ብቻ እንዳልነበረ እመሰክራለሁ። ተቀባይ የነበርሁት ሰው ሰጪ ልሆን ነው ብዬ ልቤ ኰራ። በታኅሣሥ 30 ጌማ ጠቅልዬ ላክሁላቸው፤ በዚያው ቀን ከዚያው ሳሕን ለሌሎች ስድስት ሰዎች ላክሁ፤ ከእነርሱም አንዲቱ በቤልጅግ አገር የሚኖሩ ወይዘሮ ነበሩ።

ፑልኬላ ያለችበት ሳሕን አጠገብ ድሮሴራ ኒቲዱላ የምትባል ሌላ ድንክ ያለችበት ሳሕን ነበረ። በላያቸው ያለው መስታወት ተሰንጥቆ ኖሮ በኅዳር የዘነበው ዝናብ በስንጥቁ እየገባ በሳሕኖቹ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ጠብታውን አይቼዋለሁ። ውኃው የዝናብ ነው፤ ይጠቅማቸዋል ብዬ ተውሁት። ጠብታ ጌማን እንደሚያስፈነጥር በቃል የማውቀውን ነገር በዐይኔ ፊት ሲሆን አላሰብሁትም።

በ2020 ዓ.ም ግንቦት፣ ሰው ሁሉ ከወረርሽኙ የተነሣ በቤቱ ተዘግቶ ሳለ፣ ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ሳሕኖቼን በቀን አሥር ጊዜ አያቸው ነበር። አንድ ቀን ጧት በዚያ በታኅሣሥ በዘራሁት የፑልኬላ ሳሕን ላይ አበባ ፈነዳ፤ አበባውም ነጭ ነበር። በማግሥቱ ሁለት ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሐምራዊዎቹ መውጣት ጀመሩ፤ ነገር ግን ነጮቹ የኒቲዱላ አበቦች በመካከላቸው ቆመው ነበር። እኔ የዘራሁትና ለሰባቱ ሰዎች የላክሁት ከአንድ ሳሕን የተለቀመ ነው።

በአገራችን የብራና ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ይህን ጭንቀት ያውቀዋል። አንድ ጸሐፊ ደክሞት አንዲት መስመር ቢዘል፣ ከእርሱ የሚገለብጠው ትጉህ ደቀ መዝሙር ጕድለቱን በትጋት ይገለብጠዋል፤ እጁ በታመነ መጠን ስሕተቱ ይጸናል። በዚህ ላይ ተክሉ ከጸሐፊ ሁሉ ይልቅ የታመነ ነው፤ ራሱን ሲገለብጥ አንዲት ነጥብ አይስትም። የሚስተው በአፉ ላይ የተሰካው ምልክት ነው፤ ምልክቱን የጻፍሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ለስድስቱ ሰዎች በዚያው ቀን ጻፍሁላቸው። ለመምህሩ ግን መጻፍ አቃተኝ። እውነተኛውን ተክል ሰጥተውኝ ሐሰተኛውን መለስሁላቸው። ልቤም ሌላ ምክር ይመክረኝ ነበር፤ ክረምት እስኪመጣ ቈይተህ ንጹሑን «ተጨማሪ» ብለህ ላክላቸው፤ ስለ ነጩ ምንም አትናገር፤ ሽማግሌ ናቸው፤ ምናልባት አያዩትም እያለ። ሦስት ሌሊት እንዲህ ስማከር ቈየሁና በአራተኛው ቀን ስንጥቁንም፣ ጠብታውንም፣ አይቼ መተዌንም ሳላስቀር ጻፍሁ።

መልሳቸው በሳምንቱ መጣ። «ወዳጄ ሆይ» ይላል፤ «ነጩን አበባ ከደብዳቤህ ስድስት ቀን በፊት አይቼዋለሁ። ስምንት ነበሩ፤ ነቅዬ ጣልኋቸው፤ ሃያ ሁለቱ ደኅና ናቸው። አስቀድሜ ብጽፍልህ ማፈርህን ፈርቼ ዝም አልሁ። ደግሞም ትጽፍ እንደ ሆነ ለማየት ፈለግሁ። እኔ ራሴ ከሠላሳ ዓመት በፊት እንዲህ ያለውን ስሕተት አድርጌ ለማንም አልጻፍሁም።» የትኛዪቱ ተክል እንደ ነበረች አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅሁም። መዝገባቸውን የማምነው እንደ ቀድሞው ነው ብል ግን ሐሰት ይሆናል።

ከቀሩት አራቱ ነጩን እንደ ነቀሉ ጻፉልኝ፤ አንዱ እስከ ዛሬ አልመለሰም። የቤልጅጓ ወይዘሮ ግን በዚያ ዓመት ተክሎቻቸው ስላላበቡ ሊለዩዋቸው አልቻሉም፤ ስለዚህ ለብቻዋ አግልዬ ካሳደግኋት ንጹሕ ፑልኬላ በክረምት እንደምልክላቸው ቃል ገባሁ። ጊዜው ግን ጠባብ ነበር። ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት በመውጣቷ ከጥር 1 ቀን 2021 ዓ.ም ጀምሮ ተክል ወደ ኅብረቱ አገሮች ሲላክ የጤና ምስክር ወረቀት ማስፈለጉ ነበርና፣ የወረቀቱም ወጪ ከአንድ እፍኝ ጌማ ጋራ የሚወዳደር አይደለም። ሕጉ በሽታን ለመከልከል የወጣ ስለ ሆነ አልነቅፈውም። እኔ በየቀኑ በመነጽር እምብርቷን እመለከት ነበር፤ የዚያ ዓመት ጸደይ ሞቃት ነበርና ቅጠል እንጂ ጌማ አላወጣችም። የመጀመሪያዎቹ ጌማዎች የታዩት ዓመቱ ከገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ደብዳቤ ውስጥ ሸጉጦ መላክ ቀላል ነበር፤ ቅንጣቷን ማን ያያታል! ነገር ግን ስለ አንድ ስሕተት ሰባት ደብዳቤ የጻፈ ሰው ሌላ መጨመር አልፈቀደም።

ወይዘሮዋ በተከታዩ ሰኔ ጻፉልኝ። ተክሎቻቸው አብበው ነበር፤ የበቀሉትም ሁሉ ነጭ ሆኑ፤ ከፑልኬላ አንዲት እንኳ አልደረሰቻቸውም። አልጣልኋቸውም አሉኝ፤ ኒቲዱላም መልካም ተክል ናት። አሮጌውን ምልክት አንሥተው በእውነተኛ ስሟ አዲስ ጻፉላት፤ ከስሟም በታች «ከሎንዶን፣ በስሕተት» የሚል ጨመሩበት። በየዓመቱ ጌማዋን በአገራቸው ላሉት ወዳጆች ሲልኩ ምልክቱን እንዳለ ይገለብጡታል።