ከአድማሱ ማዶ ያለ ኪሳራ

ዛሬ ስለ ቼዝ ጥቂት ልንገራችሁ። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ማታ ማታ እጫወት ነበር፤ ሃምሳን ካለፍኩ ወዲህ ተጋጣሚዬ ስልኬ ሆኗል፤ ሁልጊዜም ያሸንፈኛል። የቀድሞዎቹ የቼዝ ፕሮግራሞች ግን አንድ ድካም ነበረባቸው። በምክር አገልግሎቴ ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል።

አንድ ተጫዋች ተራው ሲደርስ በአማካይ 30 ያህል አማራጭ አለው። ተጋጣሚውም ለእያንዳንዱ 30 ያህል መልስ አለው። ሁለቱ አንድ አንድ ጊዜ ሲጫወቱ 900፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ሲጫወቱ 810,000 መንገድ ይሆናል። ይህን ሁሉ እስከ ጨዋታው ፍጻሜ መመርመር ስለማይቻል አቋራጭ ተፈለገ፦ ፕሮግራሙ የተወሰነ እርምጃ ወደ ፊት ያይና ይቆማል፤ እዚያ ላይ ለማን ምን እንደቀረ ቆጥሮ ይፈርዳል።

ስሕተቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ፈረሱ ተከብቦ ማምለጫ አጣ እንበል። ፕሮግራሙ አንድ ወታደር ይገፋል፤ ተጋጣሚው ሳይወድ በግዱ መልስ ይሰጣል። በዚህም የፈረሱ መበላት ፕሮግራሙ ከሚያየው ወሰን አልፎ ይሄዳል። ስላልታየው ፈረሱ የዳነ ይመስለዋል። አደጋው እንደገና ብቅ ሲል ሌላ ወታደር ይገብራል። በመጨረሻ ወታደሮቹም ያልቃሉ፣ ፈረሱም ይበላል። በደብዳቤ ቼዝ የዓለም ሻምፒዮን የነበረው የኮምፒውተር ተመራማሪ ሃንስ በርሊነር ለዚህ ስሕተት ስም ያወጣለት ከአድማስ ነው፤ አድማስ ዓይን የሚደርስበት ዳር ነውና።

ዕዳ ውስጥ የገባ ሰው ሊያማክረኝ ሲመጣ ይህንኑ አያለሁ። የመጀመሪያውን ዕዳ ለመክፈል ሌላ ይበደራል። ቀጥሎ የቤት ዕቃ ይሸጣል። ለሚስቱ ግን ትንፍሽ አይልም። ወሩ ሲያልፍ፣ “ጌታ አሳለፈኝ” ብሎ ያመሰግናል። ዕዳው ግን አላለፈም፤ ከዓይኑ ራቀ እንጂ። እስከዚያው የሚገበሩት የልጆቹ ትምህርት፣ የወዳጆቹ አመኔታ፣ የትዳሩ ሰላም ናቸው።

ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መበላላቱ ገና ባልረገበበት ቦታ ላይ ቆሞ መፍረድ እንደማይገባ አስቀድሞ አስገንዝቦ ነበር። ኋላ የመጡት ፕሮግራሞችም መበላላቱ እስኪረግብ ድረስ መመርመራቸውን ይቀጥላሉ። ይህ ስሕተቱን ፈጽሞ ባያጠፋውም እጅግ ቀንሶታል።

እኛም ወሩ በመጨረሻው ቀን እንደማያበቃ እንወቅ። “ተረፍኩ” ከማለታችን በፊት፣ ለመትረፍ ምን እንደከፈልንና ቀጥሎ ምን እንደሚጠብቀን እንጠይቅ። የማይድነውን ፈረስ በጊዜ የተወ ወታደሮቹን ያተርፋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ወንድሜ፣ ዕዳህ ስንት እንደሆነ ዛሬ ማታ ለሚስትህ ንገራት። ሌሊቱ ይከብድ ይሆናል፤ ነገ ግን ሁለት ሆናችሁ ታስባላችሁ።

ጌታ ድፍረቱን ይስጠን። ተባረኩ።