ዳንቴል ሥራ ነው ወይ?

አያቴ በዕድሜዋ ከንስሐ አባቷ ጋር የተከራከረችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የክርክሩም መነሻ ዳንቴል ነበር።

ነገሩ ከብርድ ይጀምራል። አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጀርባዋ ደግሞ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው ጭላሎ ቆሟል። ጠዋት ጉሙ እስኪገፈፍ ድረስ ጋቢ ከትከሻ አይወርድም። ስለዚህ አያቴ ስትፈትል ኖረች። ጥጥ ደጋ ላይ አይበቅልም፤ ከቆላ የመጣውን ከገበያ ትገዛለች፣ ፍሬውን ትዳምጣለች፣ በደጋን ትነድፋለች፣ ባዘቶውን ጭኗ ሥር አድርጋ እንዝርቷን ታሾረዋለች። ልቃቂቱ ሲጠራቀም ወደ ሸማኔ ይሄዳል። አንድ ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ስንት ልቃቂት እንደሚበላ የፈተለ ያውቀዋል።

ችግሩ የቀን መቁጠሪያው ነበር። ወሩ ሲብት ልደታ ናት፤ አይፈተልም። በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል። እንዝርቱ ገና ከመሞቁ ኪዳነ ምሕረት ትደርሳለች። ከዚያ በኋላማ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለምና በዓለ ወልድ እየተቀባበሉ ወሩን ይጨርሱታል። ቅዳሜና እሑድ ሲታከሉበት፣ ከ30ው ቀን ለእንዝርት ግማሹ ቢተርፍ ነው። የንስሐ አባቷ በየወሩ የግድ የሚከበሩት 12፣ 21 እና 29 መሆናቸውን ደጋግመው ነግረዋታል።

«እሺ አባ» አለቻቸው አንድ ቀን፤ «ለአቦ ግን እርስዎ ይንገሩልኝ።»

እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ የዳንቴል መሥሪያውን ኪሮሽ የያዘችው። እጇ ባዶውን መቀመጥ አይሆንለትም። በዓል ሲሆን ጣቶቿ የነጠላዋን ጥለት ሲቆነጥሩ ይውላሉ። ኪሮሽ ሲመጣ ታዲያ አንድ ሐሳብ አበጀች፦ የተከለከለው ሥራ ነው፤ ሥራ የሚባለው የሚያደክም ነው፤ ኪሮሽ አያደክማትም። አባ ቡናቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ደስ የሚል ሥራ ሥራ አይደለም እያልሽ ነው?»

«እርስዎስ ሲቀድሱ ሥራ ላይ ነኝ ይላሉ?»

አባ ሳቁ፤ የሳቀ ዳኛ ደግሞ ተረትቷል። በእሑድና በሦስቱ በዓላት ኪሮሽ እንዳይነካ፣ በሌሎቹ ግን እንዲፈቀድ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ራሱን ያልተከናነበ ዕቃ ጠፋ። ሬዲዮኑ፣ የስኳር ዕቃው፣ የውኃ ጆጉ፣ ሁሉም ዳንቴል ለበሰ። የቴሌቪዥኑ ዳንቴል ጫፉ ሾጠጥ ብሎ እስክሪኑ ላይ ይወርድ ነበር። በሐምሌ 1988 ዓ.ም. የአገራችን ልጅ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አትላንታ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲወስድ ያየነው ከወገቡ በታች ነው። ዳንቴሉን ላንሣ ብዬ እጄን ስሰድ፣ «ተው! እግሩ ይታያል አይደል? የሚሮጠው በእግሩ ነው» አለችኝ።

ኪሮሽም ቢሆን ግን እስከ ቡና ሰዓት ነው። በዓል ሲሆን እጅ ያርፋል፣ እግር ይነሣል። በሚካኤል የታመመ ትጠይቃለች፤ በማርያም ማኅበር አላት፤ በራሷ እጅ የሰፋችውን መሶብ አስይዛኝ ትሄዳለች፤ በሌላው ቀን በጋሪ ተሳፍራ ለቅሶ ትደርሳለች። በዓል በዛ፣ ሥራ ተፈታ የሚለውን ወቀሳ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ስንዴው ደርሶ ዝናብ ሲያንዣብብ ላየ ሰው ወቀሳው እውነት አለው። እኔ ግን አንድ ነገር ቆጥሬያለሁ፦ አያቴን ለመቅበር የመጣውን ያን ሁሉ ሰው ያወቀችው እንዝርቷን ባስቀመጠችባቸው ቀኖች ነው።

ስለ ስፌቷ ሳልናገር ባልፍ ትቀየመኛለች። መስከረም ሲጠባ ስንደዶ ይነቀላል፤ እሱ ውስጡ ይገባል፣ አክርማው ደግሞ ላዩን ይጠመጠማል። ቀለም የተነከረው አክርማ አለላ ይባላል። አክርማ ለአርሲ ገበሬ ሥሩ ሞፈር የሚያስቸግር አረም ነው፤ ለእሷ ግን ሀብቷ ነበር። በ1960 ዓ.ም. ግድም በስዊድኖች እርዳታ ካዱ የሚባለው የእርሻ ልማት ድርጅት መጣ፤ ከእሱ ጋር ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ፣ ተከትሎም ትራክተር። ጭሰኛውን ከመሬቱ ያፈናቀለው ትራክተር በአያቴ ክስ ላይ ሌላም ወንጀል ነበረበት፤ አክርማዋን በልቷል። እሷም ካሳዋን ከዚያው ወሰደች። ማዳበሪያው ተበትኖ ጆንያው ሲቀር፣ ክሩን እየተረተረች በአክርማ ፋንታ ጠመጠመችው። ዛሬ በየቤቱ የሚያብለጨልጨውን ነጭ ሰፌድ ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ የስንዴ ማሳ አልፎበታል። ጆንያውን ራሱን «ማዳበሪያ» ብለን መጥራታችንስ ከዚሁ የመጣ አይደል?

ከእነዚያ ሰፌዶች አንዱ ግን ቤት አልነበረውም። ጎረቤታችን የአርሲ ኦሮሞ እስላም ናቸው፤ አዴ እንላቸዋለን። የአያቴ ኦሮምኛ ለቡና የሚበቃ ነበር፣ የእሳቸው አማርኛም እንደዚያው። አንድ ቀን መንደር ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ አዴ በሠርጋቸው የተሰጣቸውን ሲንቄ የሚባለውን ዘንግ ይዘው ወጡ፤ ሲንቄ የያዘች ሴት መሐል ከገባች ወንድ አልፎ አይማታም። አያቴም የሥራ ቀን ነበርና እንዝርቷን እንደያዘች ተከተለች። ባልየው የቱን እንደፈራ እስከ ዛሬ አልተጣራም።

የሁለቱ ቤት ሥጋ አይገናኝም፤ ሰፌዱ ግን ይገናኛል። ከእኛ ድፎ ዳቦ ይዞ ይሄዳል፣ ከእነሱ ጩኮ ይዞ ይመለሳል፤ ባዶ ዕቃ መመለስ ነውር ነውና። ጩኮ በቅቤ የሚታሽ የገብስ ዱቄት ስለሆነ፣ አዴ የእኛን ጾም ከእኛ ልጆች አብልጠው ይቆጥሩ ነበር። አያቴም በረመዳን ቀን ቡና ስትቆላ የጎረቤቱን ወገን መስኮት ትዘጋለች።

አያቴ ያረፈች ዕለት ሰፌዱ እነሱ ቤት ነበር። አዴ በአርባዋ ቆሎ ሞልተው አመጡት። ባለፈው ፋሲካ ድፎ ጭነን ሰደድነው፤ ለአረፋ ተመለሰ። ጠርዙ ላይ አንድ ዙር ተተርትሮ ነበር፤ አዴ በወስፌ ሰፍተውታል፣ በቀይ ክር።