ነፋስ ካለፈ በኋላ፤ በገላፊ ያየነው

የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ መንገደኛ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያስተውላል። ይህ ወንዝ በላይኛው አገር ሳለ በቆቃ ተገድቦ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ብርሃን ይሰጣል፤ ከዚያም ዝቅ ብሎ አዋሽ ሁለተኛና አዋሽ ሦስተኛ በተባሉት ጣቢያዎች ደግሞ ይሠራል። ይህን ሁሉ ሥራ ከፈጸመ በኋላ ግን ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ ከአቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። እኛም ለሥራ ጉዳይ ታዘን ወደ ገላፊ ስንወርድ ይህንኑ እያሰብን አዋሽ ከተማንና ሰመራን አለፍን፤ በ1961 ዓ.ም. የምድር መናወጥ ባፈረሳት በሰርዶ በኩል አድርገን፥ የዶቢን ነጭ የጨው ሜዳ ተመልክተን፥ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ከገላፊ ደረስን።

ገላፊ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የወሰን በር ናት። አገራችን ከውጭ ከምታስገባውና ወደ ውጭ ከምታወጣው ዕቃ ብዙው በዚህ በር ስለሚያልፍ፥ ካሚዮኖች በመንገዱ ዳር በረጅሙ ተሰልፈው ተራቸውን ሲጠብቁ ይታያሉ። የሙቀቱን ነገር ያልቀመሰው ሰው በወሬ ሊያውቀው አይችልም።

በዚያው ዕለት ወደ ማታ አየሩ በድንገት ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶም በምዕራብ በኩል ቡናማ ግድግዳ የሚመስል አቧራ ከምድር እስከ ሰማይ ቆሞ ወደኛ ሲገሠግሥ አየን። የዚህ ነገር ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ከዝናብ ደመና ውስጥ የቀዘቀዘ አየር በኃይል ወደ ታች ይወርዳል፤ መሬት ሲነካም መሄጃ ስለሚያጣ ወደ ጎን ይሮጣል፤ በደረቅ አገርም አቧራውን እያነሣ ፊት ፊቱን ይነዳዋል። ነፋሱ ከግማሽ ሰዓት አላለፈም፤ ነገር ግን የቆርቆሮ ክዳን ገነጠለ፥ የመብራት ምሰሶዎችን ጣለ፥ ከተማይቱንም ጨለማ ውስጥ አስገባት። እኛም ከአንዲት እመቤት ማረፊያ ቤት በኩራዝ ብርሃን አደርን።

ሲነጋ ወደ ውጭ ብንወጣ፥ ከበራችን ፊት ለፊት አንድ ሽቦ ከምሰሶው ተበጥሶ በመንገዱ ላይ ተጋድሟል። ድምፅ የለውም፤ እሳትም አይተፋም። አንድ ሕፃን ፍየሎቹን እየነዳ ወደዚያው ይመጣ ነበር። እኛም በጎ ሥራ የሠራን መስሎን፥ ሽቦውን ከልጁ መንገድ ልናነሣ የእጃችንን ደረቅ ከዘራ ይዘን ተራመድን። በዚህ ጊዜ አንድ አፋር ሽማግሌ ከኋላችን ክንዳችንን ጨብጠው አቆሙን። «ልጄ፥ ያ የተኛ እባብ ነው፤ አትንካው። እኔ ግመል አጥቼበታለሁ» አሉን። ከዚያም ልጁን በቋንቋቸው በታላቅ ድምፅ ጠርተው መለሱት። ስንት መዝገብ የገለበጥን፥ ስንት ደንብ ያነበብን ሰዎች ስንሆን፥ ይህን አለማወቃችን እጅግ አሳፈረን።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሽቦ ጠጋኞቹ ደረሱ፤ አለቃቸውም ነገሩን በትዕግሥት አስረዳን። የወደቀ ሽቦ ዝም ማለቱ ለመሞቱ ምስክር አይሆንም፤ ኃይሉ ሳይቋረጥ ሊቈይ፥ ተቋርጦም ከሩቅ ጣቢያ ሳይታሰብ ሊመለስ ይችላል። በከተማ የሚዘረጋው ትልቁ መስመር 15,000 ወይም 33,000 ቮልት የሚይዝ ስለ ሆነ፥ ቤት ውስጥ ከምናውቀው 220 ቮልት ጋር አይመሳሰልም፤ ደረቅ እንጨትም አያስጥልም። በሽቦው ዙሪያ ያለው መሬት እንኳ ኃይል ስለሚይዝ፥ እግሩን አራርቆ የሚራመድ ሰው ኃይሉ ባንዱ እግሩ ገብቶ በሌላው ይወጣበታል፤ የፊትና የኋላ እግሩ የተራራቀ እንስሳም ከሰው ይልቅ ይጎዳል። ስለዚህ ቢያንስ 10 ሜትር ርቆ መቆም፥ ሌላውንም መከልከል ይገባል። ሳያውቅ የቀረበ ሰው ግን እግሮቹን አጠጋግቶ፥ ከመሬት ሳያነሣ እየጐተተ ይራቅ። ሽቦ የወደቀበት ካሚዮን ነጂም ከውስጥ ሆኖ እርዳታ ይጠብቅ፤ እሳት ተነሥቶ ግድ ቢሆንበት፥ ብረቱንና መሬቱን ባንድ ጊዜ ሳይነካ ሁለት እግሩን ገጥሞ ይዝለል።

ያረፍንበት ቤት እመቤት ሙቀቱ በርትቶባቸው የራሳቸውን ሞተር ከቤቱ መስመር ጋር ሊያገናኙ ተሰናድተው ነበር። አለቃው ይህን ሲያይ ፊቱ ተለወጠና፥ «እሜቴ፥ ይህ ሞተር እኔን ከምሰሶው ላይ ይገድለኛል» አላቸው። ነገሩም እንዲህ ነው፤ ትራንስፎርመር የተባለው መሣሪያ የትልቁን መስመር ኃይል አሳንሶ ወደ ቤት እንደሚሰጥ ሁሉ፥ ከቤት ወደ ኋላ የተላከውን 220 ቮልት መልሶ 15,000 ወይም 33,000 ያደርገዋል። መስመሩ ሙት ነው ብሎ የሚጠግነው ሠራተኛ በጎረቤት ሞተር ይሞታል። ስለዚህ የሞተር ባለቤት የሚፈልገውን ዕቃ በቀጥታ ከሞተሩ ጋር ብቻ ያገናኝ። ሞተሩም ከቤትና ከመስኮት ርቆ በውጭ ይቁም፤ ጢሱ ውስጥ ያለው መርዝ ሽታ የሌለው ስለ ሆነ፥ የተኛ ቤተ ሰብ ሳይነቃ ይቀራል።

ብዙ ሰው «የኛ ሰፈር ለምን ዘገየ» እያለ ያጉረመርም ነበር፤ እኛም አንዱ ነበርን። ነገር ግን ሥራው ሥርዓት አለው። አስቀድሞ ከሩቅ የሚመጣው ታላቁ መስመር ይቃናል፤ ቀጥሎ ማከፋፈያው ጣቢያ፤ ከዚያ ሐኪም ቤትና የውሃ ማውጫ፤ ከዚያ ብዙ ቤት የሚያበራው መስመር፤ በመጨረሻም ጥቂት ቤት ያለበት ጉራንጉር። ምንጩ ሳይጠረግ ቦዩን መቈፈር ውሃ አያመጣምና።

ከነፋሱ ይልቅ ከነፋሱ በኋላ ያለው ጊዜ እንደሚከፋ ሌላም አገር ይመሰክራል። በመስከረም 2010 ዓ.ም. ፖርቶ ሪኮ የምትባለውን ደሴት ማሪያ የተባለ ዐውሎ ነፋስ መትቷት፥ የመጨረሻዎቹ ቤቶች መብራት እስኪያገኙ 11 ወር ያህል ፈጀ። መንግሥቱ በመጀመሪያ የቈጠረው 64 ሙት ነበረ፤ በኋላ ግን እስከ ስድስት ወር ድረስ ያለው ሲመረመር 2,975 ሆኖ ተገኘ። ነፋሱ ባንድ ቀን ሲያልፍ፥ የመብራትና የሕክምና እጦት ግን ወራት ቈይቶ ሰው ይጨርሳል።

ስለዚህ የቤት አለቃ የሆነ ሁሉ አስቀድሞ ይሰናዳ። የመጠጥ ውሃ በንጹሕ ዕቃ ያስቀምጥ፤ የውሃው መግፊያ ራሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነውና። ሻማና ኩራዝ ከመጋረጃና ከምንጣፍ ያርቅ፤ የእጅ ባትሪ ቢኖር ይሻላል። ብርድ የሚፈልግ መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ ካለ ወዴት እንደሚወሰድ ይወቅ። መብራት ሲጠፋም ዕቃዎቹን ከሶኬት ይንቀል፤ ኃይሉ ሲመለስ በድንገት ያቃጥላቸዋልና።

በገላፊ በሦስተኛው ቀን ማታ መብራት መጣ። የአፋር ሴቶች ግን ከሰሌንና ከጐባጣ እንጨት የሚሠሩትን፥ ደቦይታ የሚሉትን ቤታቸውን ነፋሱ በነሣቸው ማግስት ከእኩለ ቀን በፊት መልሰው አቁመውት ነበር። እኛ የምንኖርበት ቤት እንደነርሱ ቤት ቶሎ አይነሣም፤ ብርሃናችንም ከሩቅ በሌሎች ሰዎች ድካም የሚመጣ ነው። ስለዚህ እስኪመጣ መታገሥ፥ የሚያመጡትንም ሰዎች ነፍስ መጠበቅ ዕዳችን ነው። ስንሰናበት ሽማግሌውን ፈልገን እጃቸውን ሳምን፤ እርሳቸውም ከዘራችንን ተመልክተው ፈገግ አሉ።