‹‹የቤት መሥሪያውን ገንዘብ ባሕር በላው!››

የዛሬው ጨዋታችን ስለ አንድ ደሴት ነው። ከደሴቱ በፊት ግን አንዲት ጥያቄ አለችኝ። በሰው አገር ስምንት ዓመት ለፍታችሁ፣ ጥቂት ገንዘብ ቋጥራችሁ ብትመለሱ ምን ታደርጉበታላችሁ? ሱቅ ትከፍታላችሁ? ባጃጅ ገዝታችሁ ለሹፌር ትሰጣላችሁ? ወይስ እናታችሁንና ልጃችሁን ይዛችሁ ዛንዚባር ለሽርሽር?

‹‹ሽርሽር?! እሱማ የፈረንጅ ነው!›› ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የአክስቴ ልጅም ነገሩን ስታነሳ ከዘመድ አዝማዱ የሰማችው ይህንኑ ነው። እንዲያውም አንዱ ‹‹የቤት መሥሪያውን ገንዘብ ባሕር በላው በሉኝ!›› ብሎ ተሳልቋል።

እሷ ግን ምክንያት ነበራት። ለቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር ስትሄድ ልጇ ገና ዓመቱ ነበር። ስትመለስ ዘጠኝ ሞልቶታል። ያሳደገችው አያቱ ናት፤ ‹‹እማዬ›› የሚለውም አያቱን ነው። ወላጅ እናቱን እንደ ሰፈር ልጅ በስሟ ይጠራታል። ከመጣች ሦስት ወር ቢሞላትም ነገሩ ፈቀቅ አላለም። ቤቱ ደግሞ ጠያቂ አያጣም፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ አንዱ ብድር ይጠይቃል፣ ሌላው ምክር ይሰጣል። ‹‹ልጄን ለብቻዬ አግኝቼው አላውቅም። ማንም የማያውቀን ቦታ ልውሰደው›› አለች። ለቤት ያስቀመጠችውን አልነካችም አልላችሁም፤ ነክታለች። ግን አልጨረሰችውም።

ተጓዦቹ እሷ፣ ልጇ፣ እናቷ (አክስቴ መሆኗ ነው) እና የ19 ዓመት ወንድሟ ነበሩ። እኔ የራሴን ወጪ ችዬ፣ ሻንጣ ተሸካሚም፣ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ አስተርጓሚም ሆኜ ተቀላቀልኩ።

ለምን ዛንዚባር?

አንደኛ፣ ቅርብ ነው። ዛንዚባር ሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ ከታንዛኒያ ጠረፍ ትይዩ ያሉ ደሴቶች ስብስብ ነው። ትልልቆቹ ኡንጉጃና ፔምባ ሲሆኑ ቱሪስት የሚጎርፈው ወደ ኡንጉጃ ነው። በ1964 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) ከታንጋኒካ ጋር ተዋሕዶ ዛሬ ታንዛኒያ የምንላት አገር ተመሠረተች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደዚያ ይበራል። ዳሬሰላም ወርዶ በመርከብ መሻገርም ይቻላል፤ ሁለት ሰዓት ያህል ነው።

ሁለተኛ፣ ወቅቱ ለእኛ የተመቸ ነው። የዛንዚባር ከባዱ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። እኛ ጃንጥላ ይዘን ጭቃ ስንዘል፣ ተማሪም ክረምቱን ቤት ሲውል፣ እዚያ ግን ደረቅና ነፋሻ ነው። እኛም የሄድነው ነሐሴ ላይ ነው።

ሰዓቱ የእኛው ነው!

አክስቴ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አትሰማም። ‹‹እዚያ ሄጄ እንደ ዲዳ ልቀመጥ ነው?›› እያለች ነበር የወጣችው። በማግስቱ ሾፌሩ ‹‹ነገ ሳዓ ምቢሊ›› ብሎ ሁለት ጣቱን አሳየ። እኔ የፈረንጁን ሁለት ሰዓት፣ ማለትም ከምሳ በኋላ መስሎኝ ሳሰላስል አክስቴ ግን ‹‹ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው ያለው፣ ምን ይገርምሃል?›› አለችኝ። እውነቷን ነው! ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ከንጋት ጀምረው ነው። የፈረንጁ ሰባት ሰዓት ለእነሱም አንድ ሰዓት ነው።

ከዚያ ወዲያ አክስቴን የሚይዛት ጠፋ። ሰዓቱን ‹‹ሳዓ››፣ ደቂቃን ‹‹ዳኪካ››፣ ስኳርን ‹‹ሱካሪ››፣ ሳሙናን ‹‹ሳቡኒ››፣ ሰባትን ‹‹ሳባ›› ይላሉ። ዓረብኛ በእነሱ ደጃፍ ስላለፈ፣ ለአማርኛችንም ዘመድ ስለሆነ ነው። በሦስተኛው ቀን ሱቅ ገብታ ሳሙና ገዝታ፣ መልሷን ቆጥራ ወጣች። እናቶችን ‹‹አይችሉም›› ብላችሁ ቤት የምታስቀሩ ልብ በሉ!

የድንጋይ ከተማ

ስቶን ታውን የምትባለው አሮጌዋ ከተማ በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብታለች። መንገዶቿ ከመጥበባቸው የተነሳ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ሦስተኛው ግድግዳ ይታከካል። በሮቿ በእጅ የተቀረጹ፣ አንዳንዶቹም የነሐስ ጉጥ የተሰካባቸው ናቸው። የኩዊን ባንድ ዘፋኝ ፍሬዲ መርኩሪ በ1946 የተወለደው እዚህ ነው ሲባል የአክስቴ ልጅ ወንድም በሩ ላይ ፎቶ እስኪሰለቸን ተነሳ።

ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያየው ‹‹የአስደናቂ ነገሮች ቤት›› የሚባለው ሕንጻ በ1883 በሱልጣን ባርጋሽ ዘመን የተሠራ ነው። በታኅሣሥ 2020 ከፊሉ ተደርምሶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። በዚያው ሠፈር ታሪክ የሚያውቀው በጣም አጭሩ ጦርነትም ተካሂዷል። ነሐሴ 27 ቀን 1896 የእንግሊዝ መርከቦች ቤተ መንግሥቱን በመድፍ ደብድበው በ40 ደቂቃ ገደማ ጨረሱት። አስቡት እንግዲህ፣ ከአድዋ ድል ስድስት ወር ሳይሞላ!

ማታ ማታ ፎሮዳኒ የሚባለው መናፈሻ የምግብ ገበያ ይሆናል። የተጠበሰ ዓሣ፣ ‹‹የዛንዚባር ፒዛ›› የሚሉት በስሱ ሊጥ የተጠቀለለ ሥጋና እንቁላል፣ በሎሚና በዝንጅብል የተጨመቀ የሸንኮራ አገዳ... አክስቴ ፍልሰታን እየጾመች ስለነበር የጾም ነገር ይጠፋል ብለን ፈርተን ነበር። አልጠፋም! በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ በሩዝ ቀረበላት። ‹‹ይሄ ወጥ ቅመም ያውቃል›› ብላ ሳህኑን ጠረገችው።

ከገበያው በታች

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ። ስቶን ታውን ውስጥ የቀድሞው የባሪያ ገበያ የነበረበት ቦታ አለ። ከመሃል አፍሪካና ከጠረፉ የተነዱ ሰዎች የሚሸጡበት ነበር። በ1873 ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዞች ግፊት ንግዱን የሚከለክል ውል ፈርሞ ገበያው ተዘጋ፤ ቦታው ላይም የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ባርነቱ ራሱ በሕግ የተሻረው ግን በ1897 ነው። የሐበሻ ሴቶችም ለዚህች ደሴት እንግዳ አልነበሩም። የሱልጣን ሰዒድ ልጅ የሆነችው ልዕልት ሳልሜ በ1886 ባሳተመችው ትዝታዋ በአባቷ ቤት ስለነበሩ ሐበሾች ጽፋለች።

ግቢው ውስጥ አንዲት ስዊድናዊት ቀራጺ በ1998 የሠራችው ሐውልት አለ። ጉድጓድ ውስጥ የቆሙ፣ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ አምስት ሰዎች ናቸው። እዚያው አጠገብ ባሮች ከመሸጣቸው በፊት ይታጎሩባቸው ነበር እየተባሉ የሚጎበኙ ዝቅ ያሉ ጨለማ ክፍሎች አሉ። ጎንበስ ካላላችሁ አትገቡም።

ልጁ ብዙ አይናገርም። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ‹‹ልጆቻቸው የት እንደሄዱ ያውቁ ነበር?›› ብሎ ጠየቀ። ተረጎምኩለት። አስጎብኚው ‹‹አብዛኞቹ አያውቁም ነበር›› አለ። ልጁ ጥቂት አሰበና ወደ እናቱ ዞሮ ‹‹እኔ ግን አውቅ ነበር። እማዬ ትነግረኝ ነበር›› አላት።

ስንወጣ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እኛ ራቅ ብለን ቆምን። ያ ስምንት ዓመት እንዴት እንዳለፈ ስትነግረው የመጀመሪያዋ ነው። በኋላ እንደነገረችኝ እንዲህ ነው ያለችው፤ ‹‹የእኔ እንደነሱ አይደለም። ፈቅጄ ነው የሄድኩት፣ ደሞዝም ነበረኝ። ግን የቤቱ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ አልነበረም። ስደውልልህ የነበረው ሲፈቀድልኝ ነው።›› ልጁ ስልኩ አንዳንዴ ወር ሙሉ ሲጠፋ የረሳችው ይመስለው ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም አላስረዳውም ነበር ማለት ነው! ቤታችን ሶፋ ላይ ተቀምጠን ‹‹ና እናትህን ሳማት›› ስንለው የከረምነው ልጅ ይህንን ለመጠየቅ ባሕር መሻገር ነበረበት።

ቅርንፉድ ዛፍ ላይ

ማግስቱን ወደ ቅመም እርሻ ሄድን። ዛንዚባር በ19ኛው መቶ ዘመን በቅርንፉድ የከበረች ናት፤ ዛሬ ብዙው የሚበቅለው ፔምባ ነው። አስጎብኚው ቅጠል እያሸ ‹‹ይሄ ምንድነው?›› ይላል። ፈረንጆቹ ይገምታሉ፣ ይስታሉ። አክስቴ በሽታው ብቻ ቀረፋውን፣ እርዱን፣ ጠጅ ሳሩን፣ ሄሉን ለየችው። ቅርንፉድ ግን አስገረማት። ስልሳ ዓመት ሻይ ውስጥ ስትጨምረው የኖረችው ነገር ሳይፈነዳ የሚለቀም የአበባ እምቡጥ መሆኑን ያየችው እዚያ ነው። በመጨረሻ ከቦርሳዋ ለሽሮዋ የያዘችውን ኮረሪማ አውጥታ ለአስጎብኚው አሸተተችው። ‹‹የእኛ ይበልጣል በለው›› አለችኝ። ተረጎምኩ። ሰውየው ስቆ ‹‹ይበልጣል›› አለ፤ ይሉኝታም ይሁን እውነት እንጃ!

ኤሊዎቹና ጀልባዋ

ከስቶን ታውን ትይዩ ቻንጉ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች፤ ‹‹የእስር ቤት ደሴት›› ይሏታል። እስር ቤቱ በ1890ዎቹ ቢሠራም ያገለገለው ቢጫ ወባ የተጠረጠሩ ሰዎች ማቆያ ሆኖ ነው። ዛሬ የደሴቷ ባለቤቶች ግዙፍ ኤሊዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹን አራት በ1919 ከሲሼልስ የላኩት የዚያው ገዢ ናቸው። ቅርፊታቸው ላይ ዕድሜያቸው ተጽፏል፤ ከመቶ ዓመት ያለፉም አሉ። ልጁ አንዱን ጎመን እያጎረሰ ግማሽ ሰዓት አልንቀሳቀስም አለ።

ስንመለስ ነፋስ ተነሳና ጀልባዋ ትዘል ጀመር። አክስቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ‹‹ገብርኤል ሆይ!›› ትላለች፤ የልጅ ልጇን የምትይዝበት እጅ አልነበራትም። ልጁ ግራ ቀኝ አየና እናቱ ክንድ ሥር ገባ። መሬት ከነካን በኋላም ወዲያው አልወጣም።

እንግዲህ ‹‹አሁን እማ ይላታል?›› ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። አይልም። ዛሬም በስሟ ነው የሚጠራት። ግን ማታ የሚተኛው እሷ ክፍል ነው፤ ‹‹ትምህርት ቤት ማን ያድርስህ?›› ሲባልም የሚጠራው ስሟን ነው። ባሕሩ ገንዘቡን በልቶት ከሆነ በነጻ አልበላውም።

መሄድ ላሰባችሁ

ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የቪዛውን ነገር ኤምባሲው ጠይቁ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን አትርሱ፤ ከእኛ አገር ሲኬድ ይጠየቃል። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ጎብኚ የ44 ዶላር የጉዞ ኢንሹራንስ እዚያው ካለ መድን መግዛት ግዴታ ሆኖበታል፤ በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት። ፌስታል ይዛችሁ አትሂዱ፣ ታንዛኒያ ከ2019 ጀምሮ ከልክላለች። ስለ ወባ ሐኪም አማክሩ።

ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነውና ከተማ ውስጥ ትከሻና ጉልበት ሸፈን ይበል፤ የዋና ልብስ ለባሕሩ ዳር ነው። መዋኘት የምትፈልጉ ሰሜን ወደ ኑንግዊና ኬንድዋ ሂዱ። በምሥራቅ በኩል እነ ፓጄ ዘንድ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ርቆ ይሸሻል። ‹‹ባሕሩስ የት ሄደ?›› ብላችሁ አትደንግጡ፤ ይመለሳል። ያን ጊዜ ሴቶች የሚያለሙትን የባሕር ሣር ሲሰበስቡ ታያላችሁ። እሾኻም የባሕር ፍጡር እንዳይወጋችሁ ጫማ አድርጉ። የጆዛኒን ጫካ አትለፉት፤ ከዛንዚባር በቀር የትም የማይገኝ የእኛ ጉሬዛ ዘመድ፣ ቀይ ጀርባ ያለው ጦጣ እዚያ አለ። ጀልባ ስትከራዩ ዋጋው በሰው ይሁን በጀልባ ሳትነሱ ተነጋገሩ።

ትልቁ ምክሬ ግን ይሄ ነው። ቀናችሁን በጉብኝት አትሙሉት። ለቤተሰቡ እያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ቀን ስጡት፤ እናት ቅመሟን፣ ልጅ ኤሊውን፣ ጎረምሳው ፎቶውን ይምረጥ። የተረፈውን ጊዜ ደረጃ ላይ ለመቀመጥ ተዉት። ዛንዚባር አቅም ካልፈቀደ ላንጋኖም፣ ሐዋሳም አለላችሁ። ዋናው ጠያቂ የማያንኳኳበት ቦታ ነው።

በሉ ቸር ሰንብቱ!