ለትንሽ የሞተር ጀልባ ስለሚስማማ ፕሮፔለር

ሰው መሣሪያ ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚመለከተው ጉልበቱንና ፍጥነቱን ነው፤ መሣሪያው ከሚሠራበት አገርና ከሚሸከመው ሸክም ጋራ መስማማቱን የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ይህም ነገር በግልጥ ከሚታይባቸው አንዱ ትንሽ የሞተር ጀልባ ነው።

እኔ ሞተር በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ፤ የምኖረውም ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ በለገዳዲ ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. የተፈጸመው የዚህ ስፍራ ግድብ የሚያጠራቅመው ውኃ ለአዲስ አበባ ሕዝብ መጠጥ የተጠበቀ ነው እንጂ የጀልባ መጫወቻ አይደለም። ስለዚህ የጀልባ ሞተር ወደ እኔ የሚመጣው ከሩቅ፣ ከዝዋይ ወይም ከጣና ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የጣና ጀልባ ነጂ 15 የፈረስ ጉልበት ያለውን ሞተሩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ባዶውን ስነዳው ይሮጣል፤ ስምንት ሰው ስጭንበት ግን ያቃስታል፣ አፍንጫውም ከውኃው አይነሣም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ መንገደኞቹን ይዤ ከማዕበሉ መውጣት ያቅተኛል። ሻጩ ትልቅ ሞተር ግዛ ይለኛል፤ እኔም በሬዎቼን ልሸጥ ነው» አለኝ። ሞተሩን ፈትቼ መረመርሁት፤ አንዳች ሕመም አላገኘሁበትም። ሕመሙ በፕሮፔለሩ ነበረ።

ፕሮፔለር እንደ ብሎን ነው። ብሎን በአንድ ዙር እንጨቱን ጥቂት ዘልቆ እንደሚገባ፣ እርሱም ውኃውን ወደ ኋላ እየገፋ ወደ ፊት ይሄዳል። በላዩ ከሚጻፉት ሁለት ቍጥሮች ፊተኛው ክንፎቹ ሲዞሩ የሚያካልሉትን ክብ ስፋት ያመለክታል፤ ኋለኛውም ባለሞያዎች ፒች የሚሉትን፣ ይኸውም ውኃው ባይሸሽ ኖሮ በአንድ ዙር የሚሄደውን ርቀት በኢንች ይናገራል። ረጅም ፒች ለቀላል ጀልባ ፍጥነትን ይሰጣል፤ አጭር ፒች ግን ለከባድ ሸክም ኀይልን ይሰጣል። ዳገት የሚወጣ የጭነት መኪና ዝቅተኛ ማርሽ እንደሚያስገባ ማለት ነው።

የዚያ ሰው ፕሮፔለር ፒቹ 11 ኢንች ነበረ፤ ይህም በባሕር ጠረፍ ለሚነዳ ቀላል ጀልባ ይበጅ ይሆናል። ጣና ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። በደጋ አገር አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከመቶ 3 እጅ ያህል ጉልበት ያጣል። እንግዲህ 15 ተብሎ የተገዛው ሞተር በጣና ላይ ከ12 ፈረስ እምብዛም አይበልጥም ነበረ። ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነችው በለገዳዲማ ጉድለቱ ሩብ ያህል በሆነ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ምርመራው ቀላል ነው። ጀልባውን ዘወትር በሚጭነው ሸክም ጭነህ፣ ቤንዚን መስጫውን እስከ መጨረሻ ከፍተህ ዙሩን በዙር ቆጣሪ ተመልከት። የፋብሪካው መጽሐፍ ካዘዘው ወሰን በታች ቢሆን ፒቹን አሳጥር፤ በላይ ቢሆን አስረዝም። አንድ ኢንች ሲቀነስ በደቂቃ 200 ዙር ያህል ይጨመራል። ዙሩ ያነሰ ሞተር ከዐቅሙ በላይ ስለሚደክም ይግላል፣ ነዳጅ ያባክናል፣ ዕድሜውም ያጥራል። የዚያ ሰው ሞተር ከ5,000 እስከ 6,000 መዞር ሲገባው 4,500 ላይ ይቆም ነበረ። 8 ኢንች ፒች ያለውን ገጥሞ በጣና ላይ ቢለካው 5,100 ደረሰ፤ የጀልባው አፍንጫም ተነሣ። በሬዎቹም ሳይሸጡ ቀሩ።

ነገር ግን ይህ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ጀልባው ባዶውን ሲሄድ የቀድሞው ሩጫ የለውም፤ ሞተሩም ከወሰኑ በላይ እንዳይዞር ቤንዚኑን መቀነስ ያስፈልጋል። ደግሞም በጣና ላይ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀው እምቦጭ በክንፎቹ ላይ ስለሚጠመጠም፣ ድንጋይም ክንፍ ስለሚሰብር፣ አስተዋይ ነጂ ሌላ ፕሮፔለርና መፍቻ ሳይዝ ከወደብ አይወጣም።

ለብቻው የሚሮጥ ሰው ፍጥነትን ቢመርጥ ጉዳቱ ለራሱ ነው። የሰው ነፍስ አሳፍሮ የሚሻገር ግን መሣሪያውን የሚመዝነው በባዶ ጀልባና በጸጥታ ቀን ሳይሆን፣ ሸክሙ በሞላበትና ነፋሱ በተነሣበት ሰዓት ሊሆን ይገባዋል።